ዓይነ ደረቅ

ባሕር ዳር ሐኪሟ፣ ከዓይኔ ቆብ ከታችኛው
ቁራጭ ወረቀት ሰክታ ሰዓቷን አየችው፤
አምስት ደቂቃ ሲሞላ መዝዛ ለካችው።
«እትዬ እናኑ፣ ዓይንዎ ደረቅ ነው።»
ሳቄ አመለጠኝ። ለዚህ ነው የመጣሁ
አውቶብስ ተሳፍሬ፣ ሌሊት የተነሣሁ?
ፍኖተ ሰላም ላይ ማንም ይነግረኛል፤
«ዓይነ ደረቅ» ብሎ ሰፈሩ ጠርቶኛል።

ስሙ የወጣልኝ ልየው የተቀበረ ዕለት ነው፤
ታናሼ ነው፣ አንድ ማኅፀን ያደርነው።
አስለቃሿ በዜማ ስሙን ስታነሣ፣
እኔ ከራስጌው ቆሜ፣ እንደ ግንድ፣
ዓይኔ በርበሬ መስሎ ውስጡ ሲነድ፣
አሸዋ እንደ በተኑበት ሲቆረቁረኝ፣
አንዲት ዘለላ እንባ፣ አንዲት፣ ነፈገኝ።
«ቤቱን የምትወርስ ሴት እንባ ከየት ታምጣ?»
አለች አንዷ ከኋላ። አልወጣኝም ቁጣ።

ቁጣም እንባ ይፈልጋል።

ሠላሳ ዓመት ሰፋሁ ከመናኸሪያው ጎን፣
የተማሪ ደንብ ልብስ፣ የሙሽራ ጥልፉን፤
መርፌ ቀዳዳ ላይ ተክዬ ዓይኔን
ማርገብገብ ረስቼ።

ግሽ ዓባይ ወርጃለሁ፤ ሰባት ቀን ተጠመቅሁ፤
ፀበሉ ሲነካኝ እውነትም ታደስሁ፣
ሰከላ ገበያ እስክደርስ ነው እንጂ።
ዓባይ ከሚፈልቅበት አገር ተወልጄ
ከዓይኔ ጠብታ አጣሁ።
መሪጌታ ዘለቀ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣
«በግእዙ ዓይን ምንጭም ነው» አሉኝ እየሳቁ፤
«ምንጭ ሲደርቅ ይጠረጋል እንጂ አይሰደብም።»
ቅኔው ጣመኝ፤ ዓይኔን ግን አላራሰውም።

አሁን ደግሞ አዲስ መጣ። ከጣቴ ያነሰ
ብልቃጥ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ ዋጋው ሰማይ የደረሰ።
ይታይሽ ናት የላከችው፣ የልየው ልጅ፣ ከአዲስ አበባ፤
(ያቺ ሴት ይህን አልሰማችም።)
«የዱሮው ማርጠብ ብቻ ነው፤ ይኼ ምንጩን ያክማል»
ትላለች በስልክ፣ ድምፅዋ አባቷን ይመስላል።
ሐኪሟን ጠየቅኋት። «ምናልባት» አለችኝ፤
«ሦስት ወር ይጠብቁ። መጀመሪያ ያቃጥላል።»
ይኸው ጧትና ማታ
ምናልባትን ጠብ አደርጋለሁ።

ቅዝቃዜ ይወዳል፤ መብራት ግን ይሄዳል፤
ስለዚህ ከአንማው ግሮሰሪ፣ ከቢራው መሐል ያድራል።
ማታ ማታ ስገባ ጠጪው ያጨበጭባል፤
«እትዬ እናኑ ጀመሩ!» ይላል።
አንማው እጁን ይታጠባል፣ በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ፣
ከዚያ ነው ማቀዝቀዣውን የሚከፍተው።

ያለፈውም አዲስ ነበር። ከሱ በፊት ያለውም።
መሳቢያዬ ባዶ ጠርሙስ ነው፤ አንዱም አዲስ ሆኖ አልቀረም።
ባለፈው ለፈተና ሽንኩርት ከተፍሁ፤
ጎረቤቴ አለቀሰች፣ እኔ ተመለከትሁ።

በዘጠነኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ክር ሳስገባ
መርፌው ሁለት ሆነብኝ፤ በጉንጬ ወረደ፣ አንዳች፣ እንደ እንባ።
በምላሴ ቀመስሁት።
መድኃኒቱ መራራ ነው። እንባ ጨው ነው።
ይኼ ሁለቱንም ነው፤ ወይም አንዱንም ያልሆነ ነው።

የልየው ሙት ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ነው።
ያን ቀን ቢመጣልኝስ? ያቺ ሴት ምን ትላለች?
«የብልቃጥ እንባ ነው፣ ገዝታው ነው» ትላለች።
ትበል። እኔስ ለራሴ ምን ብዬ ልንገረው፣
ያለቀስሁት እኔ ነኝ ወይስ መድኃኒቱ ነው?
ብቻ ይምጣ እላለሁ። ይምጣና እንጣላ፤
የማነህ ብዬ እጠይቀዋለሁ በኋላ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። መብራት ጠፋ ደግሞ።
ነጠላዬን አደረግሁ፤ አንማው ደጁ ላይ ቆሞ
«በረዶ ከብቤበታለሁ፣ አይስጉ» ይለኛል።
በባትሪው ብርሃን ብልቃጦቹን ቆጠርሁ።
እስከ ሙት ዓመቱ ሦስት ቀን ይጎድላል።