ስፖኪዮ

አፈንዲ ባጃጁን እንደ ትንኝ ነድቶ
በቀኜ ይገባል ጡሩንባውን ነፍቶ፤
ከደንገጎ ወርጄ፣ ገና ፍሬኔ ሳይበርድ፣
ጀርባዬን እየገፋኝ አርባ ቶን እምነ በረድ፣
ሳቢያን መታጠፊያው ላይ
ሰው አገኛለሁ ብሎ ሰው ሊያጎድል ነው።
ረዳቴ ሮብሌ በመስኮት ተሰቅሎ
"ዞር በል!" ይለዋል በሁለት ቋንቋ፤
ስድቡን ለሦስተኛው አስቀርቶ።

ማክሰኞ በቀትር፣ ኒሙ ጥላ ሥር ቆመን፣
"ና ውጣ" አልኩት። መሪው ፊት አስቀመጥኩት።
"በል ባጃጅህን ፈልጋት።"

ግራውን አየ። ቀኙን አየ።
ስፖኪዮው አስፋልቱን፣ ሁለት ፍየል፣
ካርቶን የተሸከመች ሴት፣
እስከ ማደያው ድረስ ሁሉን አሳየው፤
እሷን ብቻ ነፈገው።
"ሰረቁኝ እንዴ?" ብሎ ሳቀ፤
ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ
ሮብሌ ከታች ጡሩንባዋን ሲነፋ።
ከበሩ ሥር ነበረች፣ አንድ ክንድ ሳትርቅ፣
ጀርባዋ ላይ "እናቴን አደራ" የተጻፈባት።

"ፊቴን በዚህ መስታወት ካላየኸው፣ አፈንዲ፣
ለእኔ ገና አልተወለድክም" አልኩት።
ወርዶ ባጃጁን ዞራት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣
ሒሳብ እንደጎደለበት ሰው።

ዛሬም ይቸኩላል፤ ትንኝነቱ አልለቀቀውም።
ግን ደቻቱ ድልድይ ላይ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ
አንገቱን አስግጎ ፊቴን ይፈልጋል፤
ሁለት ጣቴን አነሳለታለሁ፤
ያኔ በግራዬ ያልፋል።

ያን ማክሰኞ ምን እንደያዘኝ፣
ከእሱ በፊት በቀኜ የገባው ልጅ
ማን ይባል እንደነበር፣
አልጠየቀኝም።
እኔም ስሙን
ደንገጎ ላይ፣ ማርሽ ስቀንስ ብቻ ነው የምጠራው።