የሁለት ሰው ግብር

ታኅሣሥ ነው በዱሉዝ፤ ሐይቁ በረዶ ሊሆን ነው፤
የኦርቪል እርሳስ ጫፍ እንደተነከሰ ነው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በወደቡ ሚዛን
የብረት ድንጋዩን በፉርጎ ሲመዝን
እንዲህ ያለ ቁጥር ከብዶት አያውቅም።

«ያጠራቀምኩትን፣ ግብሩን ዛሬ ከፍዬ፣
ነፃ ወደሚሆን ሒሳብ ላዙረው? ወይስ ልተወው፣ ይቆይ ብዬ?»
ኢንጋ ሳቀችበት፤ «ሰማንያ ሊሞላህ ወር ነው የቀረህ፤
ለየትኛው ዕድሜ ነው ቀብድ መክፈልህ?»

«ግብር ይጨምራል፣ ጋዜጣው ይለዋል።»
አላየችም እንጂ ጣቱ ተንሸራቷል
በሠንጠረዡ ላይ፣ ጥንድ ከሚለው ዓምድ ነጠላ ወደሚል፤
ገንዘቡ ያው ገንዘብ፣ ቀረጡ ግን ያይላል።
ስሟን አልጻፈበት።

መብራቱን አጠፋች። «ነገ ትጨርሳለህ።»
እሱ ግን ጨርሷል፤
በጨለማው መሐል
የቀረ ዕድሜውን ለሷ መንዝሯል።