በሩ ላይ ያለው ስርጉድ

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በካያኒ ፖስታ ቤት፣
ደብዳቤ ለየሁኝ በስም በመንደሩ፤
ጣቶቼ ወረቀት ብቻ ነው የሚያውቁት፣
እንጨት ላይ ውለው መች አድረው ነበሩ።

ጡረታ እንደወጣሁ፣ ከገበሬ ጨረታ
የጠረጴዛ መጋዝ ጭኜ መጣሁኝ፤
ሞተሩ ሲነሳ ሳለና ላንድ አፍታ፣
ከዚያ ሲያገሳማ ጋራዡን ናጠብኝ።

አስተማሪ ብዬ አካባቢውን ባስስ፣
የተገኘችልኝ የጎረቤት ልጅ ናት፤
ሂልማ፣ አሥራ አራት ዓመት፣ ሽቦ ያሰረ ጥርስ፣
በእንጨት ሥራ ክፍሏ አንደኛ የሚሏት።

የድምፅ መከላከያ እንደ ዘውድ ጭና፣
መነጽሬን አቀናች፣ ጸጉሬን አሰረች፤
«ቀለበት አውልቂ፣ እጅጌም ሰብስቢና
ምላጩ ፊት ለፊት አትቁሚ» አለች።

ቀለበት የለኝም። እጅጌዬን ሰበሰብኩ።
ሦስተኛውን አልሰማሁም።

አስር ጊዜ ለካሁ፣ አንድ ጊዜ ቆረጥኩ፣
ያም አንዱ ጠመመ፤
ሜትሩ መች ዋሸ፣ እርሳሱም መች ሳተ፣
ዓይኔ ነው ያዘመመ።
የብሎኑን ራስ ድሪሉ በላብኝ፣
ኮላው ሳንቃ ትቶ ጣት ከጣት አጣበቀኝ፣
የመጀመሪያ መደርደሪያዬ
እንደ ሰከረ ሰው ግድግዳ ተደገፈብኝ።

ሰጋቱራውን ግን ከመጀመሪያው ቀን ወደድኩት።
ጥዱ ሲቆረጥ ሙጫው ይሸታል፤
በርቹ ደግሞ እንደ ረጠበ ፖስታ።
ማታ ትራሴ ላይ አገኘዋለሁ፣
ጠዋት ሻይ ውስጥ።

በኅዳር፣ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት በምትጠልቅበት ወር፣
የበርች ሳንቃ ገፋሁ።
ግማሽ ላይ ሲደርስ ጅማቱ ተጣመመ፣
ምላጩን ከኋላ ጨበጠው፤
ከዚያ፣ አላየሁትም።
የሰማሁት በሩን ነው።
ሳንቃው ጎድኔን አልፎ፣ ጃኬቴን ገልቦ፣
የጋራዡን ቆርቆሮ በር በቡጢ መታው፤
ሞተሩ ለብቻው ይዘምር ነበረ፣
ማጥፊያውን ልጫን ስል ጣቴ ሦስቴ ሳተው።

አሥራ አንድ ቀን ጋራዥ አልገባሁም።
በረዶ ስጠርግ መስኮቱን አየዋለሁ፣ ጨለማ።
እህቴ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ ብርድ ነው» አልኳት።

በአሥራ ሁለተኛው ሂልማ አንኳኳች፤
ስርጉዱን አየችው፣ ጣቷን አስገባች።
አልጮኸችም። አላጽናናችኝም።
ከወለሉ ላይ፣ ከምላጩ መስመር አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣
በጠመኔ ሁለት እግር ሳለች፣
«አንቺ እዚህ ነሽ» አለች።
«መጋዙ አያውቅሽም። ክፋትም የለው፣ ፍቅርም።
ነገር ሲመለስ በየት እንደሚያልፍ እወቂ፣
ከዚያ መንገድ ዞር በይ፤ በቃ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት
«ለላኪው ይመለስ» የሚል ማኅተም መትቻለሁ፤
ሲመለስ በማን ጎድን እንደሚያልፍ
አንድ ቀን አላሰብኩም።

ጠመኔው ላይ ቆምኩ።
ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ እንጨቱ ግን አለፈ።
ሁለተኛውም አለፈ። አምስተኛው ላይ መዝፈን ጀመርኩ፣
ከሞተሩ በላይ ማንም ስለማይሰማኝ።

በጥር አርባ አምስት ዲግሪ እሺ አለኝ፤
አራት ማዕዘን፣ ጥፍር የማያስገባ፣
በሞርሳ ታስሮ አንድ ሌሊት ያደረ፣
በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ የታሸ፤
የመጀመሪያዬ፣ ያልጠመመ።
የፎቶ ፍሬም።
የእናቴ ሠርግ ጠበበው፣
ሐይቁ በበጋ ሰፋበት፣
የራሴን የሥራ መታወቂያ ሞክሬ ሳቅኩ።
ልኩ የተገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ሂልማ በማግስቱ በር ላይ ደረሰች፤
ስርጉዱን ከነፍሬሙ፣ ተሰቅሎ በክብር፣
ቆማ አየችው፣ የጥርሷ ሽቦ እስኪበራ ሳቀች።
ከዚያ ኪሷ ገባች፣ ውሃ ልክ አወጣች፣
ከላዩ አስቀመጠች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤
«ወደ ቀኝ ዘምሟል፣ በግማሽ ሚሊሜትር»
አለችና፣
ምስማሩን ነቀለች።