እጅ ወደ ኪስ

ዝደንካ ጻፈችልኝ፣ ካርባ ዓመት፣ ለእኔ።
ቴምብሩ ላይ ሽመላ፤ መዶሻ ነበር ያኔ።

ሊበሬትስ ከተማ፣ ሰባ ስድስት ግድም፣
ጥቁር ዘይት ለብሰን
የሽመና መኪና ስንፈታ፣ ስንገጥም፣
«ጓድ» እየተባባልን፣
እሷ በሹክሹክታ እያማች መንግሥቷን፣
እኔ እንደ ብሎን እያጠበቅሁ ጥርሴን።

እንዲህ ትላለች፦
«ትናንት ከልጅ ልጄ ጋር ለእግሬ ብዬ ወጣሁኝ፣
ዳቦ ልገዛ ስል ጀርመን ተሻገርሁኝ።
ዘብ የቆመበት ቤት፣ ውሻ የጮኸበት፣
ዛሬ አይስክሬም ቤት ነው፣ ልጅ የሚንጫጫበት።
እጄ ግን ሳላዘው ቦርሳዬ ውስጥ ገባ፣
ፓስፖርት ፍለጋ፣ እንደ ዱሮው ሲባባ።
ማንም አልጠየቀኝም።
ድልድዩ ላይ ቆሜ አለቀስሁ፤
ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።»

ከታች፣ በእርሳስ፦
«ፋብሪካችን ተዘጋ፤ መኪናው በኪሎ ተሸጠ።
የሴሉ ሊቀመንበር ሆቴል ከፈተና ክራቫት ለወጠ።
ድምፅ እንሰጣለን፣ እናማርራለን፣
ደግሞ እንሰጣለን።»

ይህን ያነበብሁት ከባሕር ዳር ወደብ፣
የጎርጎራው ጀልባ ተነስ አልነሳ ሲል፣ ጭነቱን ሲያስብ።

እኛም ተሸጋግረናል፣ ከእነሱ ዓመት ዘግይተን።
ጨርቃ ጨርቁ በር ላይ፣ ያን ቀይ ኮከብ ያወረድሁት እኔ ነኝ፤
መሰላሉን የያዘልኝ አስናቀው ነበረ።
«ቀስ በል፣ ጓ...» አለና፣
ግማሹ ቃል አፉ ውስጥ ቀረ።
ኮከቡ ቆርቆሮ ነው፤ ክብደት አልነበረውም።
ያን ሁሉ ዓመት አንገቴን ያስደፋኝ
ምኑ እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ካርታ መጣ።
እነ ዝደንካ መስመር በላጲስ ሲያጠፉ፣
እኛ እርሳስ ቀረጽን፤ ሹል ነበረ ጫፉ።
መታወቂያዬ ላይ አንዲት ሰረዝ ገባች፣
«ብሔር» ትላለች፣ ከአባቴ ስም በታች።
የቀበሌዋ ልጅ «ምን ብዬ ልሙላው?» አለችኝ።
«መካኒክ በይ» አልኋት።
ሳቀች። አልጻፈችም። ሌላ ጻፈችልኝ።

አስናቀው ዕቃውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሄደ፤
የእናቱ ቀዬ ከቻግኒ ወዲያ ነው፣ መስመሩ በላዩ ወረደ።
ሊበሬትስ ባሕር ተሻግራ፣ ተራራ ተሻግራ፣
ይኸው ደረሰችኝ።
ከቻግኒ ወዲያ ግን፣ ሠላሳ ዓመት፣
አንዲት ቃል አልመጣችልኝ።

አጠገቤ የበርበሬ ነጋዴ ተቀምጣለች፣ ጥሩአየሁ።
ጮክ ብዬ አነበብሁላት።
«ለዳቦ ጀርመን?!» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ ሳቅ ገደላት።
«እኔ ለበርበሬ፣ ከዚህ እስከ መተማ፣
ሰባት ገመድ አለብኝ።
በየገመዱ ሥር አንድ ቀጭን ጎረምሳ
ስሜን ያነባል፣ ገልብጦ ያነባል፣ ደግሞ ፊቴን ያየኛል፣
ፊቴ ላይ የተጻፈ ይመስል።
ማዶ ያለው ሱዳኔ ደንበኛዬ ግን
ስሜን አያውቀውም፤ ‹እመት በርበሬ› ይለኛል።»
ዝም አለች። እምቦጭ የጀልባውን ሆድ እየታከከ አለፈ፣
ከደንቢያ የመጣ፣ ወረቀት የሌለው።
«እሷ አገር» አለች፣ «ገመዱን ማን ፈታው?»

አላውቅም አልኋት።
አንድ ሰው እንዳልሆነ ብቻ ነው የማውቀው።

መሳፈሪያው ላይ ጥበቃ ቆሟል፤ አዲስ ነው፣ ሸንኮራ ይመጣል።
እጄ ሳላዘው ኪሴ ውስጥ ገባ።
ወጣ።
የያዘው ግን ፖስታውን ነው።
ልጁ ተቀበለኝ፤ አገላበጠው፤
ጣቱ ሸንኮራ ነክቶት ቴምብሩ ላይ ተጣበቀ።
«ይሄ ምን ወፍ ነው፣ አባባ?» ብሎ ጠየቀ።

ሽመላ ነው አልሁት። የዚያ አገር።
ኅዳር ላይ፣ ቅዝቃዜው ሲጠናበት፣
እዚህ ይመጣል፤ ከደንቢያ ሜዳ፣ ከውኃው ዳር።

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።
ወሩ ገና ነሐሴ ነው፤ ምንም የለም፤
እሱ ግን ቆየ።