የግማሽ ቀን ጉብኝት

ከአዘዞ ተነሣን ፀሐይ ሳትጠና፣
አንዲት እንግዳ ብቻ፣ አንዲት አሮጌ መኪና፤
ወይዘሮ እንጉዳይ ዘንቢላቸውን አቅፈው፣
ለግማሽ ቀን መንገድ ሙሉ ሒሳብ ከፍለው።

ጯሂትን አልፈን ከአለት ሥር አቆምሁ፣
የሸመደድሁትን እንዲህ ስል ለቀቅሁ፦
«ይህ ጥቁር ድንጋይ እሳት ነበር ድሮ፣
ከምድር ሆድ ገንፍሎ የወጣ እንደ ሽሮ፤
ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል ከበረደ።»
አልመለሱልኝም፤ እጃቸው ወረደ፣
ፀሐይ የመታውን አንዱን አነሡና፣
«በረደ ያለህ ማን ነው? ይፋጃል ገና፤
እንካ፣ ያዘው።»
ያዝሁት።
እውነትም ይፋጃል።
ይህ በወረቀቴ ላይ አልተጻፈም።

ጎርጎራ፣ ከደንገሉ ዳር፣ ጫማቸውን ፈቱ፣
ድንጋዩን እንደያዙ ወደ ውኃው ገቡ፤
ጣና ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ተመለሰ፣
የቀሚሳቸው ጠርዝ ቀስ እያለ ራሰ።
ስለ ሐይቁ ጥልቀት ልጀምር ስል፣ በእጃቸው ከለከሉ፤
«እዚህ ላይ ነው የተጣላነው» አሉ።
ከማን ጋር፣ አላሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፒያሳ አወረድኋቸው፤
ጉርሻ ጨመሩልኝ፤ ድንጋዩም አብሯቸው።
ማታ ልጠርግ ብዬ የኋላውን በር ብከፍት፣
ወንበሩ እርጥብ ነው፣
ልክ በዘንቢሉ ስፋት።