ስቆም የሚቆመው

ይህን የምጽፈው በጀርባዬ ተኝቼ ነው፤
ወረቀቱ ከፊቴ በላይ፣ እርሳሱ ሽቅብ።
እስክሪብቶ እንዲህ ሲይዙት አይጽፍም፣
ቀለሙ ወደ ጭራው ይወርዳል።
እኔም እንደሱ ነኝ።

አባቴ ቪብረን የውሃ መሳቢያ ጣቢያ ጠባቂ ነበር፣
በፍሪስላንድ፣ ባሕሩ ከመስኩ በላይ በሚያድርበት አገር።
ሌሊት ሞተሩ ዝም ሲል ደንግጦ ይነሣል፤
ሌላው በጩኸት፣ እሱ በጸጥታ ይነቃል።
«ውሃ መንገድ አይጠይቅም» ይለን ነበር፣
«ቁልቁለት ካየ ይሄዳል።
ሽቅብ ማሰብ የሰው ሥራ ነው።»

ደምም ቁልቁለት ያያል።
ከአልጋ ወርጄ እግሬ ወለሉን ሲነካ
እንደ ተከፈተ ቦይ ወደ ባቴ ይፈሳል፤
እግሬ ወይን ጠጅ ይመስላል፣
ልቤም ከኋላው ይሮጣል፦ መቶ ዐሥር፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ፣
ፎቅ እንደ ወጣ ሰው፤
እኔ ግን ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው።

ስቆም ሐሳቤ ይቆማል።

ትናንት ወንድሜ ሲቤ መጣ፤ በር ልከፍት ተነሣሁ።
በሩ አለ። እጄ አለ።
ያ ከብረት የተሠራው፣ ጥርስ ያለው፣
ኪስ ውስጥ የሚንቃጨለው፣ ቤትን ከ... ከ...
ቁ
ጉም።
ከጉሙ ማዶ የሲቤ ድምፅ፦ «ፍራውክየ? አለሽ?»
አለሁ ልለው «አ»ን ፈልጌ አጣሁ።
ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ፣ እግሬን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፤
እንደ ዘገየ ባቡር፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉ ደረሰ፦
ቁልፍ።
ጣሪያውን እያየሁ ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ አልኩ።
ሲቤ በደብዳቤው ቀዳዳ በኩል ሳቀ፤
ከዚያ ዝም አለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ «ግፊትሽ ደህና ነው» አሉኝ፤
«ጭንቀት ይሆናል፣ ብዙ አታስቢ።»
ብዙ አታስቢ! ቆሞ ማን ሊያስብ?
ደግሞም «ልብ በይ» ይሉኛል።
በዚህ ሰውነት ውስጥ
ከልቤ በቀር ማን ልብ አለ?

ኋላ ኔልትየ የምትባል ሴት
ከጠረጴዛ ጋር በቀበቶ አሰረችኝ፣
አንገቴን ቀዝቃዛ ነገር ቀባችኝ።
የደሜን ድምፅ ሰማሁ፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው፣
እንደ አባቴ ጣቢያ።
ጠረጴዛው ተነሣ፤ እኔም አብሬው።
ሽው... ሽ...
«ከመቶ ጀምረሽ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ።»
ዘጠና ሦስት። ሰማንያ ስድስት። ሰባ...
ሰባ ምንድን ነው?
ስክሪኑ ላይ ሞገዱ አጠረ።
ግፊቱ ባለበት ነው፤ ወደ ራሴ ከሚወጣው ደም ግን
ከአራት እጅ አንዱ በመንገድ ቀርቷል።
አለቀስኩ። አሞኝ አይደለም፤
ምስክር ስላገኘሁ ነው።

አሁን ጨው እጠጣለሁ፣ ባሕርን በብርጭቆ።
ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይሉታል ሰዎች፤
እኔ ግን እለምነዋለሁ፦
ለራሴ ስትል ጣፍጥ፣
አለዚያ ድንጋይ የሚሉኝ እኔን ነው።

ማክሰኞ አባቴ መጣ። እስከ ወገብ የሚያጠብቀውን ካልሲ
እየማለ፣ እየሳበ፣ አለበሰኝ።
ከዚያ ሁለት ጣቱን አንገቴ ላይ አሳረፈ፣
ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ።
«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ፣
«ዳገቱ ነው የበዛበት።»
ብዙ ጸጥታ የሰማ ሰው ነውና አመንኩት።

ይህንን መስመር ቆሜ ነው የምጽፈው፣ መስኮቱን ተደግፌ።
ቦዩ ዳር አንድ ግራጫ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሟል፣
አንገቱ ረጅም፣ ራሱ ሩቅ፣
እንዴት ነው ደሙ እዚያ የሚደርሰው?
ስሙ... እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ያ ዓሣ የሚበላው...
ቆይ።
ተኝቼ እነግራችኋለሁ።