አሥራ አንድ ሜትር

መዝገቡ እንዲህ ይላል፦ «ዋና መንገድ፣ ቁጥር ሰባት።
መነሻ፦ ለገሃር፣ ከጣቢያው ደጃፍ ካለው ሰዓት።
መድረሻ፦ ከደቻቱ ማዶ፣ የአሸዋ ገበያ በር።
ርዝመት፦ ሁለት ሺ ከአርባ ስድስት ሜትር።»

እኔ ነኝ የለካሁት፣ በስልሳ አራት፣ በየካቲት፣
አንዲት ጎማ በዘንግ፣ እንደ ጥጃ እየነዳኋት ፊት ፊት።
ሙሜ ከኋላዬ፣ ኖራ በጣሳ ይዞ፣
በየመቶው ነጥብ ይጥላል፣ በአንድ ጉንጩ ቅጠል አርግዞ።

ከዚራ ላይ ቀላል ነው፤ መንገዱ እንደ ማስመሪያ፣
ሙሴው በወረቀት ያሰመረው፣ ያኔ፣ በሐዲዱ መጀመሪያ።
ዛፉ በረድፍ፣ ጥላው በረድፍ፣ ውሻው ሳይቀር በረድፍ ተኝቶ፤
ጎማዬ «ጠቅ፣ ጠቅ» ይላል፣ እንደ ጠገበ ሰው ተዝናንቶ።
ስድስት መቶ ሃያ ላይ የስታማቲስ ዳቦ ቤት፤
(እሱ ከሄደ ቆየ፤ ስሙን ግን ዱቄቱ ያዘበት።)
ስምንት መቶ አሥር ላይ ፔጆ አራት መቶ አራት፣
ሞተሯ ወጥቶ የቆመች፣ ዶሮ እንቁላል የምትጥልባት።

ስሙን ልንገራችሁ? ስሙማ ሦስት ነው፣ በአንድ ቆርቆሮ ላይ፣
በእኔው እጅ፣ በእኔው ቡሩሽ፣ አንዱ በአንዱ ላይ።
መጀመሪያ የልዑል፣ ቀጥሎ የአብዮት፣
ከዚያ ስም የለ ምን የለ፣ ነጭ ብቻ፣ ሁለት ክረምት፣
ደግሞ ሌላ። ቆርቆሮው ከቀለሙ ብዛት ከበደ፣
ምሰሶው ወደ መጋላ ዘመመ፤ ሸክሙን ይዞ ሊሄድ ወደደ።
ሰዉ ግን አንዱንም አልጠራው። አንድ ቀን እንኳ።
«አቦ፣ በዳቦ ቤቱ ግባና ከፔጆዋ ታጠፍ» ነው አድራሻው ለካ።

ከዚያ ደቻቱ። መንገዱ እዚህ ያለቀ ይመስላል፤
አሸዋ ውስጥ ይገባና በወዲያ በኩል ይወጣል።
መሀል ወንዙ ላይ ግመል ይተኛል፣ ሮብሌ ጎማ ይለጥፋል።
የእኔዋ ጎማ እዚህ ድምፅ የላትም፤ አሸዋው ይውጠዋል፤
መቁጠሬን ይሁን መገመቴን ሙሜ ከተጠየቀ ያውቃል።

በወዲያኛው ዳርቻ፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ጥግ፣
የሐኒፋ ጠረጴዛ፤ ሻማ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ሁሉም በወግ።
መንገዱ እዚያ ጋ ይጎብጣል፣ ግድግዳዋን ላለመንካት።
«ዛሬስ ጨመረ?» ትለኛለች ሁልጊዜ፣ ጎማዋን ሳቆምላት።
«መንገድ አይጨምርም፣ ሐኒፋ።»
«ሰው ሲጨምርበትስ?»

በነሐሴ፣ በዘጠና ስምንት፣ ሌሊት፣
ጣራችን ላይ ጠብታ አልሰማንም፣ አንዲት፣
ደንገጎ የጠጣውን ሁሉ እዚህ መጥቶ ተፋው።
ድምፁ የባቡር መሰለን። «ዛሬስ ቀድሞ ገባ» አልን፣
አልጋችን ላይ ሆነን። እኔን የሚበላኝ ያ ነው።
ጠዋት ደቻቱ ነበረ። ግድግዳው አልነበረም።
ጠረጴዛው አልነበረም።
ሌላውን አልጽፍም።

ጡረታዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከቢሮ ደብዳቤ መጣ፦
«ከባድ መኪና በአዲሱ፣ በከተማው ጀርባ ይውጣ።
ቁጥር ሰባት ተሰርዟል። ተለክቶ መዝገቡ ይዘጋ።»
ጎማዋን ከግምጃ ቤት አወጣኋት፤ ዝገቷ እጄ ላይ ቀረ።
ኖራውን የያዘው የሙሜ ልጅ ነው፤ ጣሳው ግን ያው ነበረ።

ከሰዓቱ ተነሳሁ። ሰዓቱ ቆሟል፤ ባቡሩም ሲያሻው ነው የሚመጣ።
ዳቦ ቤቱ፣ ስድስት መቶ ሃያ። ልክ ነው።
ፔጆዋ የለችም፤ ዘይት የጠጣ አስፋልት፣ ስምንት መቶ አሥር። ልክ ነው።
አሁን ድልድይ አለ። ጎማዬ ወንዙ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ
«ጠቅ፣ ጠቅ» አለች፤ አፈርኩ።
ድልድዩ ጉብጠት አያውቅም። የሐኒፋን ጥግ በአየር ላይ አለፍኩ።
የገበያው በር ስደርስ ቁጥሩን አየሁና
ተመልሼ እንደገና ለካሁ፤ እንደገና፦
ሁለት ሺ ከሠላሳ አምስት።

«አሸዋ ያሳስታል» አለኝ ኢንጅነር ኢዘዲን፣ ልጅ እግር፣ ሸሚዙ የነጣ፤
«ድሮ ተሳስታችሁ ነው፣ አባባ። የዛሬውን ጻፍና ና እንጠጣ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። «ርዝመት» በሚለው ፊት
ሁለት ሺ ከአርባ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት።

ቆርቆሮዋን ፈትቼ ቤቴ ወስጃታለሁ።
ማታ ማታ ቀለሟን በቢላ ጫፍ እፍቃለሁ፤
ነጩ ጋ ስደርስ አቆማለሁ።